ሁለት የነርቭ አውቶኢሚውን በሽታ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ፦ የቱ ምርመራ ይቅደም፣ የቱ መድሃኒት ይሻላል?

አንድ ሰው አንድ ዓይኑ ይደበዝዝበታል፣ ኤምአርአይ ይነሳል፣ ኤምኤስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን የነርቭ ሽፋን የሚያጠቃበት አውቶኢሚውን በሽታ) ነው ይባላል፣ መድሃኒት ይጀምራል። ከወራት በኋላ ደግሞ እግሩ ይዝልና ሲመረመር ከኤምኤስ ጋር የማይሄድ አንቲቦዲ (መከላከያው የሚያመርተው ፕሮቲን) ደሙ ውስጥ ይገኛል። እና ቤተሰቡ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ አሁን ሁለት በሽታ ነው ያለበት ወይስ የመጀመሪያው ስም ስህተት ነበር? ጥያቄው የስም ብቻ ቢሆን ችግር አልነበረውም፣ ግን አንዱን የሚረዳ መድሃኒት ሌላውን ሊያባብስ ስለሚችል መልሱ ላይ የሰው ዓይንና እግር አለ። ይሄን የምጽፈው ታማሚም አስታማሚም አማራጮቹን ጎን ለጎን አይቶ ከሀኪሙ ጋር እንዲነጋገርበት ነው፣ በራሳችሁ መድሃኒት እንድትጀምሩ ወይ እንድታቆሙ አይደለም፣ በተለይ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ስቴሮይድ (ብግነት የሚያበርድ መድሃኒት) በድንገት ማቆም ራሱን የቻለ አደጋ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። "ተደራረበ" ሲባል ሁለት የተለያየ ነገር ነው የሚወራው። አንደኛው መመሳሰል ነው፣ በሽታው አንድ ሆኖ ሌላ መስሎ ታይቷል። ሁለተኛው እውነተኛ መደራረብ ነው፣ አንድ ሰው ላይ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወይ ተከታትለው መጥተዋል። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው የመሰለን ነገር ሲጣራ የመጀመሪያው ሆኖ ይገኛል። ግን እውነተኛውም አለ፣ ደሞ ዝም ብለው አይደለም የሚገጣጠሙት፣ የሚፈላለጉ በሽታዎች አሉ፦ ኤንኤምኦ (በዋናነት የዓይን ነርቭና ህብለ ሰረሰር የሚያጠቃ) ከሉፐስ፣ ከሾግረን (ሁለቱም ሌሎች የሰውነት ክፍሎችንም የሚያጠቁ አውቶኢሚውን በሽታዎች) እና ከማያስቴኒያ (ጡንቻ የሚያዝል) ጋር ይገኛል፣ ማያስቴኒያ ከታይሮይድ በሽታ ጋር ይገኛል፣ ኤንኤምዲኤ የሚባለው የአንጎል ብግነት ደግሞ አንዳንዴ ከሞግ (እሱም የነርቭ ሽፋን የሚያጠቃ ነው) ወይ ከኤንኤምኦ ጋር ይመጣል። በ2014 በወጣ አንድ ጥናት 691 የኤንኤምዲኤ ታማሚዎች ታይተው 23ቱ ላይ የነርቭ ሽፋን መጎዳት ምልክት ተገኝቶባቸዋል። ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል፣ ግን ሀኪሙ ካላሰበው የሚታለፍ ነገር ስለሆነ ለነዛ 23 ሰዎች ቁጥሩ ትንሽ አልነበረም።

ኤምኤስ፣ ኤንኤምኦ ወይስ ሞግ?

ሶስቱም ዓይን ያደበዝዛሉ፣ ሶስቱም ህብለ ሰረሰር ይመታሉ፣ ሶስቱም እየመጡ ይሄዳሉ። ለረጅም ዘመን ኤንኤምኦ የኤምኤስ አንድ ዓይነት ነው ተብሎ ነበር የሚታመነው፣ በ2004 ግን ኤንኤምኦ ያለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ለብቻው የሚታወቅ አንቲቦዲ ተገኘ፣ በዓመቱ ደሞ አንቲቦዲው የሚያጠቃው አኳፖሪን 4 የሚባለውን የውሃ ማስተላለፊያ ፕሮቲን እንደሆነ ታወቀ። ከዛ በኋላ ሁለቱ ተለያዩ። ሞግ ደሞ ከነሱም ተለይቶ የራሱን የምርመራ መስፈርት ያገኘው በ2023 ነው፣ ስለዚህ ከዛ በፊት ኤምኤስ ወይ ኤንኤምኦ የተባለ ሰው ዛሬ ቢመረመር ስሙ ሊቀየር ይችላል፣ ይሄ የሀኪሙ ጥፋት ሳይሆን እውቀቱ ዘግይቶ መምጣቱ ነው።

ልዩነቱ የት ላይ ነው? ዓይኑን እንይ። በኤምኤስ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይን ነው የሚያዘው፣ ሲያንቀሳቅሱት ያማል፣ ቀይ ነገር የደበዘዘ ሮዝ መስሎ ይታያል (ይሄን ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል፣ አንድ ቀይ ክዳን ይዛችሁ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ዓይን እዩት፣ ቀለሙ ከተለያየ ለሀኪም ንገሩ)፣ ከዛ በሳምንታት ውስጥ አብዛኛው ይመለሳል። በኤንኤምኦ ጉዳቱ ይከብዳል፣ ከኋላ የሁለቱ ዓይን ነርቮች የሚገናኙበት ጋ ይደርሳል፣ ካልታከመ ሳይመለስ ሊቀር ይችላል። በሞግ ሁለቱም ዓይን አንድ ላይ ሊያዝ ይችላል፣ የዓይን ሀኪሙ በመሳሪያ ሲያይ የነርቩ ጫፍ አብጦ ያገኘዋል፣ ግን የሚገርመው እንደዛ ከብዶ ጀምሮ በስቴሮይድ ቶሎ የሚመለስ መሆኑ ነው።

ህብለ ሰረሰር ላይ ደግሞ ርዝመቱን ነው ማየት። የኤምኤስ ቁስል አጭርና ወደ ጎን የተጠጋ ነው። የኤንኤምኦ ቁስል ብዙ ጊዜ 3 የአከርካሪ አጥንትና ከዛ በላይ የሚረዝምና መሃሉን የሚይዝ ነው። ሞግም ረጅም ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ወደ ታች ጫፉ ይወርዳል፣ ስለዚህ የሽንት ችግሩ ጎልቶ ይታያል። አንጎል ላይ የኤምኤስ ቁስል የእንቁላል ቅርጽ ይዞ በአንጎል ውስጥ ባሉት የፈሳሽ ክፍሎች ዙሪያ ይደረደራል፣ መሃሉ ላይ ትንሽ የደም ስር ትታያለች፣ ይቺ የደም ስር በ2024ቱ የኤምኤስ መስፈርት ውስጥ ገብታለች። የሞግ ቁስል ደብዛዛና ትልልቅ ነው፣ ከወራት በኋላ ኤምአርአይ ሲደገም ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ይገኛል፣ የኤምኤስ ግን እንዲህ አይጠፋም። እኔ ከሁሉም በላይ የምተማመንበት ይሄን ነው፣ የድሮ ፊልም ወይ ሲዲ ካላችሁ አትጣሉት፣ የዛሬው ብቻውን የማይናገረውን ከድሮው ጋር ሲተያይ ይናገራል።

አንድ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ምልክት አለ፦ ስቅታ። ቀን ከሌት የማያቆም ስቅታ፣ ከሱ ጋር ማስታወክ፣ የጨጓራ መድሃኒት የማይነካው፣ ኢንዶስኮፒ ተሰርቶ ምንም የማይገኝበት። ይሄ የኤንኤምኦ የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም በሽታው አንጎል ግንድ ላይ ያለውን የማስታወክ ማዕከል ይወዳል። ሳምንታት በጨጓራ ስም አልፈው ከዛ እግር የሚደነዝዝባቸው ሰዎች አሉ።

ከጀርባ የሚቀዳው ፈሳሽም ይረዳል። ኦሊጎክሎናል ባንድ የሚባለው የአንቲቦዲ ምልክት ኤምኤስ ካለባቸው ከ10 ሰው 9ኙ ገደማ ላይ ይገኛል፣ በኤንኤምኦና በሞግ ግን ጥቂቱ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ኤምኤስ ተብላችሁ ይሄ ባንድ ከሌለና ቁስሉ ረጅም ከሆነ፣ አንቲቦዲው ይሰራልኝ ብሎ መጠየቅ ነው።

የአንቲቦዲ ምርመራው ራሱ ምርጫ አለው

ወረቀቱ ላይ "ፖዘቲቭ" ስለተጻፈ ብቻ ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ለአኳፖሪን እና ለሞግ ሁለት ዓይነት አሰራር አለ፣ አንዱ ኤላይዛ ነው፣ ሌላው ፕሮቲኑን በህይወት ወይ በደረቀ ሴል ላይ አስቀምጦ የሚታይበት ሴል ቤዝድ የሚባለው ነው። ከተቻለ ሁለተኛው ይመረጣል፣ ኤላይዛ ዝቅ ያለ ፖዘቲቭ ሲያወጣ ውሸት የመሆን እድሉ ይጨምራል። ለሞግ ደሞ መጠኑ ራሱ ወሳኝ ነው፣ 1፡100 (ደሙ 100 ጊዜ ቀጥኖም የሚታይ) እና ከዛ በላይ አንድ ነገር ነው፣ 1፡20 ሌላ ነው። ዝቅተኛው ኤምኤስ ባለበት ሰው ላይም ሊታይ ስለሚችል በ2023ቱ መስፈርት ሌሎች የሞግ ምልክቶች አብረው ካልተገኙ አይበቃም። "ኤምኤስም ሞግም አለብህ" የተባለ ሰው ካለ በኔ እይታ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይሄ ቁጥር ነው፣ ምክንያቱም የሁለቱ እውነተኛ መደራረብ በጣም ብርቅ ነው፣ ዝቅተኛ የውሸት ፖዘቲቭ ግን ብርቅ አይደለም።

ከደም ወይስ ከጀርባ ፈሳሽ? ለአኳፖሪንና ለሞግ ደም ይሻላል። ለኤንኤምዲኤ ግን ፈሳሹ ይሻላል፣ ደሙ ኔጌቲቭ ሆኖ ፈሳሹ ላይ የሚገኝባቸው አሉና ደም ብቻ አይቶ የለም ማለት አይቻልም። ኤልጂአይ1 ለሚባለው የአንጎል ብግነት ደሞ ተገላቢጦሽ ነው፣ ደሙ ይሻላል። በተቻለ መጠን ሁለቱንም መላክ ጥሩ ነው።

አሁን አንዲት ነገር፣ ከዚህ ጽሁፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይቺን ያዙ፦ ኢሚውኖግሎቡሊን (አይቪአይጂ) ከመሰጠቱ ወይም ፕላዝማ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ወጥቶ በሌላ ከመቀየሩ በፊት ደም ይቀዳ። አይቪአይጂ ከብዙ ሺህ ለጋሾች የተሰበሰበ አንቲቦዲ ነው፣ ከሱ በኋላ የተቀዳ ደም የሌሎችን አንቲቦዲ የእናንተ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል። ፕላዝማ መቀየር ደግሞ በተቃራኒው ያለውን አጥቦ ኔጌቲቭ ሊያደርገው ይችላል። ህክምናው ግን ውጤት እስኪመጣ አይጠብቅም፣ አንቲቦዲ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፣ ዓይን ሳምንታት አይጠብቅም። አንድ ሁለት ቱቦ ደም ተቀድቶ ይቀመጥ፣ ህክምናው በዛው ቀን ይጀመር።

ከዚሁ ጋር፣ አውቶኢሚውን ከመባሉ በፊት የሚመስሉት ነገሮች መጣራት አለባቸው፣ ቢ12 እጥረት፣ ቂጥኝ፣ ኤችአይቪ፣ ቲቢ። ቲቢ ላይ ስቴሮይድና ጠንካራ መከላከያ አውራጅ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ጠባይ ሲቀየርና ሲንቀጠቀጥ

እዚህ ጋ አጭር ነው የምሆነው። ከዚህ በፊት የአእምሮ ችግር ያልነበረባት ወጣት ሴት በቀናት ውስጥ ጠባይዋ ከተቀየረ፣ ካልተኛች፣ ቅዠት ከጀመራት፣ ቀጥሎ መንቀጥቀጥና የአፍ ያለፈቃድ መንቀሳቀስ ከመጣ፣ ኤንኤምዲኤ ይታሰባል፣ ኦቫሪ ላይ እጢ መኖሩ ይፈተሻል፣ እጢው ካለ ማውጣቱ ራሱ የህክምናው አካል ነው። በሽታው በ2007 ነው በስሙ የታወቀው። ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ደግሞ ፊቱና አንድ እጁ በቀን ብዙ ጊዜ ለሰከንድ ጭምድድ እያለ የሚለቅ ከሆነ፣ ሶድየሙም ዝቅ ካለ፣ ኤልጂአይ1 ነው የሚጠረጠረው፣ ይሄኛው ከሚጥል በሽታ መድሃኒት ይልቅ ለስቴሮይድ ነው የሚመለሰው። በሄርፐስ ቫይረስ የአንጎል ብግነት ታክሞ ድኖ ከሳምንታት በኋላ እንደገና የታመመ ሰው ደግሞ ቫይረሱ ተመለሰ ብቻ አይባል፣ ቫይረሱ ራሱ ኤንኤምዲኤን ሊቀሰቅስ ይችላል፣ ፈሳሹ ለሁለቱም ይላክ።

የኤንኤምዲኤ ታማሚ ድኖ ሲሄድ ዓይኑ ከደበዘዘ ወይ እግሩ ከደነዘዘ፣ "የድሮው ቅሪት ነው" ብሎ አይታለፍ፣ ሞግና አኳፖሪን ይታይለት። እነዚህ ሁለቱ ያሉባቸው ሰዎች ህክምናው ጠንከር ይላል፣ በሽታውም ብዙ ጊዜ ጉዳት ትቶባቸው ይሄዳል።

ጡንቻው ሲዝል፦ ማያስቴኒያ፣ ላምበርት ኢተን፣ ጊያን ባሬ፣ ሲአይዲፒ

እነዚህን ለመለየት ትልቅ መሳሪያ ከመምጣቱ በፊት ዓይንና ሰዓት ብዙ ይሰራሉ። ማያስቴኒያ ጠዋት ደህና ሆኖ ማታ የሚብስ ነው። ሰውየውን ጣሪያውን እያየህ ቆይ በሉትና ለ1 ደቂቃ ዓይኑን ተመልከቱ፣ የዓይን ቆቡ ቀስ እያለ ሲወርድ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ፣ ጓንት ውስጥ የተከተተ በረዶ ለ2 ደቂቃ ሲያዝበት ደሞ ተመልሶ ከፍ ይላል። የዓይኑ ብሌን ግን መጠኑ አይቀየርም፣ ስሜትም አይጠፋም፣ የሚደነዝዝ ከሆነ ሌላ ነገር አለ ወይም ሌላ ነገር ተጨምሯል ማለት ነው። ላምበርት ኢተን ከእግር ይጀምራል፣ አፍ ያደርቃል፣ ጡንቻውን ትንሽ ካሰሩት በኋላ ለአፍታ ይሻለዋል፣ ግማሽ ያህሉ ሰው ላይ ከጀርባው የሳንባ ካንሰር ስላለ ሳንባው ይፈተሻል፣ የመጀመሪያው ፎቶ ንጹህ ቢሆንም ይደጋገማል።

ጊያን ባሬና ሲአይዲፒን (ሁለቱም ከአንጎልና ከህብለ ሰረሰር ውጭ ያሉትን ነርቮች ያጠቃሉ) ደግሞ የሚለየው ጊዜ ነው። ጊያን ባሬ በ4 ሳምንት ውስጥ የባሰው ቦታ ይደርሳል፣ ሲአይዲፒ ከ8 ሳምንት በላይ እየገፋ ይሄዳል። ይሄ ልዩነት የቀን መቁጠሪያ ብቻ አይደለም፣ መድሃኒቱን ይቀይራል፦ ስቴሮይድ ለሲአይዲፒ ይሰራል፣ ለጊያን ባሬ ግን አይሰራም። ለጊያን ባሬ አይቪአይጂ ወይም ፕላዝማ መቀየር ነው፣ ሁለቱ እኩል ናቸው፣ አንዱን ጨርሶ ሌላውን መጨመር ተሞክሮ የተሻለ ጥቅም አልተገኘለትም፣ ስለዚህ "ሁለቱንም ብናደርግስ" ብሎ ገንዘብና ደም ስር ማባከን አያስፈልግም። ሲአይዲፒ ተብሎ ደግሞ አይቪአይጂ እምቢ ካለ ኒውሮፋሲን እና ኮንታክቲን የሚባሉ አንቲቦዲዎች ይታዩ፣ እነሱ ያሉባቸው ሰዎች ለአይቪአይጂ ብዙም አይመለሱም፣ ለሪቱክሲማብ (ቢ ሴል የሚባሉትን የመከላከያ ሴሎች የሚያወርድ መድሃኒት) ግን ብዙ ጊዜ ይመለሳሉ።

ትንፋሽ ላይ ቀልድ የለም። በአንድ ትንፋሽ ጮክ ብሎ ይቁጠር፣ ትናንት 30 የደረሰ ሰው ዛሬ 15 ላይ ከቆመ፣ የጣቱ ኦክስጅን 97 ቢሆን እንኳን ድንገተኛ ክፍል ነው የሚሄደው፣ ኦክስጅኑ የሚወርደው ጡንቻው ካለቀ በኋላ ነውና እሱን መጠበቅ ረፍዶ መድረስ ነው።

የአጣዳፊው ጊዜ ምርጫ፦ ስቴሮይድ፣ ፕላዝማ ወይስ አይቪአይጂ

ስቴሮይድ (ሜቲልፕሬድኒሶሎን በቀን 1 ግራም፣ ከ3 እስከ 5 ቀን በደም ስር) ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ለኤምኤስ፣ ለኤንኤምኦ፣ ለሞግ፣ ለአንጎል ብግነቶቹ መጀመሪያ የሚሰጥ ነው። ስኳርና ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ስሜት ይረብሻል። ትልቁ ወጥመድ ያለው ማያስቴኒያ ላይ ነው፣ በከፍተኛ መጠን ሲጀመር በመጀመሪያው አንድ ሁለት ሳምንት ድካሙን ሊያብሰው ይችላል፣ መዋጥና መተንፈስ የተነካበት ሰው ላይ ያለ ፕላዝማ ወይ አይቪአይጂ ድጋፍ መጀመር አስጊ ነው።

ፕላዝማ መቀየር (ብዙ ጊዜ በየሁለት ቀኑ ከ5 እስከ 7 ዙር) ለኤንኤምኦ ከባድ ጥቃት በኔ እምነት ቶሎ መጠራት ያለበት ነው። ስቴሮይዱ ይታይ፣ ካልሰራ እናስብበታለን እየተባለ ሁለት ሶስት ሳምንት ሲያልፍ የመመለስ እድሉ አብሮ ይሄዳል፣ ያየው ሁሉ የሚቆጭበት ነገር ነው። ትልቅ የደም ስር ይፈልጋል፣ ግፊት ይጥላል፣ የደም መርጋትን የሚረዱ ፕሮቲኖችንም ያጥባል። አይቪአይጂ (በኪሎ 2 ግራም፣ ከ2 እስከ 5 ቀን ተከፋፍሎ) ለመስጠት ይቀላል፣ ለልጆችና ኢንፌክሽን ለተጠረጠረባቸው ይመቻል፣ ግን ራስ ምታት ያመጣል፣ ኩላሊት የደከመበትና ደም የመርጋት ታሪክ ያለው ሰው ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ቅደም ተከተሉንም ተጠንቀቁ። አይቪአይጂ ሰጥቶ በማግስቱ ፕላዝማ መቀየር የሰጡትን መልሶ መድፋት ነው። ሪቱክሲማብ ተሰጥቶ ወዲያው ፕላዝማ ቢቀየርም እንደዛው ነው፣ ዋጋ የተከፈለበት መድሃኒት ከፕላዝማው ጋር ይወጣል።

የረጅም ጊዜው ምርጫ፦ መጀመሪያ ማንን አይጎዳም?

እዚህ ነው የመደራረብ ጉዳይ በእውነት የሚከብደው። ሁለት ስም ላለበት ሰው መድሃኒት ሲመረጥ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው "የትኛው ጠንካራ ነው" ብዬ ሳይሆን "የትኛው ሁለተኛውን በሽታ አይነካብኝም" ብዬ ነው። ከዛ ቀጥሎ ነው አንድ መድሃኒት ሁለቱንም ይሸፍን ይሆን የሚባለው።

የሚጎዱትን እንጀምር። ኢንተርፌሮን ቤታ፣ ናታሊዙማብና ፊንጎሊሞድ ለኤምኤስ የሚሰሩ ናቸው፣ ኤንኤምኦ ላይ ግን ጥቃቱን ሊያብሱ ይችላሉ። ስለዚህ ኤምኤስ ይሁን ኤንኤምኦ ሳይለይ በጥርጣሬ ላይ ያለ ሰው ላይ እነዚህን መጀመር አይመከርም፣ በጥርጣሬው ጊዜ ቢ ሴልን የሚያወርዱት (ሪቱክሲማብ፣ ኦክሬሊዙማብ) የተሻሉ ናቸው ምክንያቱም ወደየትም ቢዞር አይጎዱም። ኢንተርፌሮን ሉፐስንና ማያስቴኒያንም ሊቀሰቅስ ይችላል። ሩማቶይድ አርትራይተስ ወይ የክሮን በሽታ ኖሮበት ኢንፍሊክሲማብ፣ አዳሊሙማብ የመሳሰሉትን ቲኤንኤፍ አጋጆች የሚወስድ ሰው ድንገት ዓይኑ ከደበዘዘ፣ ሁለተኛ በሽታ መጣ ከመባሉ በፊት መድሃኒቱ ይጠርጠር፣ የነርቭ ሽፋን ላይ ጉዳት ማምጣታቸው የታወቀ ነው፣ ኤምኤስ ላለበት ሰውም አይሰጡም። ለሉፐስ የሚሰጠው ሀይድሮክሲክሎሮኪን ማያስቴኒያ ላለበት ሰው ጥንቃቄ ይፈልጋል።

አሁን ሁለቱን የሚሸፍኑት። ሉፐስና ኤንኤምኦ አንድ ላይ ካሉ ማይኮፌኖሌት ወይም ሪቱክሲማብ ይታሰባሉ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር፣ ሉፐስ ወይ ሾግረን ያለበት ሰው ህብለ ሰረሰሩ ሲመታ "ሉፐሱ ነው የወረደው" ተብሎ ይታለፋል፣ አኳፖሪን ሲሰራ ግን ብዙ ጊዜ ፖዘቲቭ ይወጣል፣ ያኔ የጎን በሽታ ሳይሆን እውነተኛ ሁለት በሽታ ነው፣ ህክምናውም ለኤንኤምኦ በሚገባው ጥንካሬና ርዝመት ነው። ማያስቴኒያና ኤንኤምኦ ከሆኑ ደግሞ ኢኩሊዙማብ አለ፣ አሴቲልኮሊን ሪሴፕተር የሚባለው አንቲቦዲ ፖዘቲቭ ለሆነበት ማያስቴኒያ በአሜሪካ በ2017፣ አኳፖሪን ፖዘቲቭ ለሆነ ኤንኤምኦ ደሞ በ2019 ተፈቅዷል፣ ረዘም ባለ ጊዜ የሚሰጠው ወንድሙ ራቩሊዙማብም ለሁለቱ ተፈቅዷል። የኢኩሊዙማብ የኤንኤምኦ ጥናት ላይ 143 ሰው ነበር፣ መድሃኒቱን ከወሰዱት 3 በመቶ፣ መድሃኒት የሌለበትን (ፕላሴቦ) ከወሰዱት 43 በመቶ አገርሽቶባቸዋል። ዋጋው እጅግ ውድ ነው፣ ለማጅራት ገትር ባክቴሪያም በር ይከፍታል፣ ስለዚህ ክትባቱ ቢቻል ከ2 ሳምንት በፊት ይሰጣል፣ ጊዜ ከሌለ አንቲባዮቲክ ይሸፈንበታል። ይሄኔ ታዲያ አንቲባዮቲኩን መምረጥ ነው፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና አዚትሮማይሲን ማያስቴኒያን ስለሚያብሱ የፔኒሲሊን ዘሮች ናቸው የሚመረጡት።

ማያስቴኒያና ሲአይዲፒ ላይ አይቪአይጂ ሁለቱንም ይረዳል፣ ኤፍጋርቲጊሞድም ለሁለቱ ተፈቅዷል (ለማያስቴኒያ በ2021፣ ለሲአይዲፒ በ2024)። ነገር ግን ኤፍጋርቲጊሞድ አይጂጂ የሚባለውን አንቲቦዲ በሙሉ ከደም ያወርዳል፣ አይቪአይጂም ሪቱክሲማብም ኢኩሊዙማብም አይጂጂ ናቸው፣ አብረው ከተሰጡ ያወርዳቸዋል።

ሪቱክሲማብን ብዙ ጊዜ ጠራሁት፣ ምክንያቱም ለኤንኤምኦ፣ ለኤምኤስ፣ ለሩማቶይድ፣ ሙስክ ለሚባለው ማያስቴኒያ ሁሉ የሚረዳና ከአዲሶቹ አንጻር የሚገኝ ነው። ሞግ ላይ ግን ያን ያህል አይደለም፣ ለሞግ ወርሃዊ አይቪአይጂ ወይ አይኤል6 የሚባለውን የብግነት ፕሮቲን የሚያግዱ መድሃኒቶች የተሻለ ይታሰባሉ። ሄፓታይተስ ቢ ሳይመረመር ሪቱክሲማብ አይጀመር፣ ተኝቶ የነበረው ቫይረስ ጉበት ላይ ሊነሳ ይችላል። ክትባቶችም ከሱ በፊት ይወሰዱ፣ በኋላ ሰውነት በደንብ አይቀበላቸውም። አዛታዮፕሪን ደግሞ የድሃ ወዳጅ ነው፣ ለኤንኤምኦም ለማያስቴኒያም ለሉፐስም ይሰራል፣ ጉልበቱ እስኪመጣ ግን 6 ወርና ከዛ በላይ ይፈጃል፣ እስከዛ ስቴሮይዱ አይነሳም፣ የደም ቁጥርና ጉበት በየጊዜው ይታያል፣ የሪህ መድሃኒት አሎፑሪኖል ከሱ ጋር አይወሰድም። ማርገዝ ለምታስብ ሴት ማይኮፌኖሌትና ሜቶትሬክሴት አይሆኑም፣ አዛታዮፕሪን ይሻላል።

አንዷን ሴት አስበን እንይ

34 ዓመቷ ነው፣ ከ6 ዓመት በፊት ማያስቴኒያ ተገኝቶባት ታይመሷ (ደረት ውስጥ ያለ የመከላከያ ዕጢ) ወጥቷል፣ ፒሪዶስቲግሚን የሚባለውን የማያስቴኒያ መድሃኒት ትወስዳለች፣ ደህና ነበረች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስቅታና ማስታወክ ይዟት የጨጓራ መድሃኒት ስትውጥ ከረመች። አሁን ከእምብርቷ በታች ደንዝዟል፣ ሽንቷ ቆሟል። ቤት ያሉት "ያው ማያስቴኒያዋ ነው የተነሳው" ይላሉ፣ ግን ማያስቴኒያ አያደነዝዝም፣ ሽንትም አያቆምም። ይሄ ኤንኤምኦ ነው የሚመስለው፣ ደሞ ሁለቱ ሲገናኙ ብዙ ጊዜ ማያስቴኒያው ነው በዓመታት የሚቀድመው።

ምን ይቅደም? ደም ይቀዳላት፣ አኳፖሪንና ሞግ ይላክ፣ የአንጎልና የሙሉ ህብለ ሰረሰር ኤምአርአይ በንጥረ ቀለም ይነሳ፣ ትንፋሿ በየጥቂት ሰዓቱ ይለካ። ብቻውን 1 ግራም ስቴሮይድ ማያስቴኒያውን ሊያስነሳው ስለሚችል ፕላዝማ መቀየሩ ከመጀመሪያው ቢገባ ለሁለቱም ይጠቅማታል፣ ስቴሮይዱ በሱ ጥላ ስር ይሰጣል። ካቴተር ገብቶላታልና የሽንት ኢንፌክሽን ሊይዛት ይችላል፣ ያኔ እጅ ላይ የሚገኘው ሲፕሮፍሎክሳሲን ለሷ አይደለም፣ ይሄን ከፋይሏ ፊት ለፊት በትልቁ ቢጻፍ ጥሩ ነው፣ የሌሊት ተረኛው ታሪኳን ላያውቅ ይችላል። ማግኒዥየም በደም ስርም እንደዛው ነው። ከወጣች በኋላ ኢኩሊዙማብ ወይ ራቩሊዙማብ ከተገኘ ሁለቱን በአንድ ይይዛል፣ ካልተገኘ ሪቱክሲማብ፣ እሱም ካልሆነ አዛታዮፕሪን ከስቴሮይድ ጋር። ማቋረጥ ግን የለም፣ በኤንኤምኦ ጉዳቱ የሚጠራቀመው በጥቃቶቹ ነው፣ አንድ ያመለጠ ጥቃት አንድ ዓይን ሊሆን ይችላል።

ስሙ እንደገና የሚጠየቅበት ጊዜ

አንዴ የተሰጠ ስም ለዘላለም አይደለም። የኤምኤስ መድሃኒት በትክክል እየተወሰደ ጥቃቱ ከበፊቱ ከከበደ፣ ስቴሮይድ በቀነሰ ቁጥር በሳምንታት ውስጥ የሚያገረሽ ከሆነ (ይሄ የሞግ ጠባይ ነው)፣ ደጋፊ ምልክት የሌለው ዝቅተኛ አንቲቦዲ ላይ ተመስርቶ ህክምና ከተጀመረ፣ ወይም የመጀመሪያው በሽታ የማያመጣው ነገር ከመጣ፣ ለምሳሌ ማያስቴኒያ ባለበት ሰው መደንዘዝ፣ ኤምኤስ ባለበት ሰው የዓይን ቆብ በማታ መውደቅ፣ ሀኪሙን ስሙን እንደገና እንየው ማለት መድፈር አይደለም። ስትሄዱ የሚወሰደው መድሃኒት በሙሉ ከነመጠኑ የተጻፈበት ወረቀት፣ የድሮ ኤምአርአይ ሲዲዎች፣ እያንዳንዱ ጥቃት የጀመረበትና የተሻለበት ቀን፣ እና አንቲቦዲው የተቀዳው ከአይቪአይጂ ወይ ከፕላዝማ በፊት ይሁን በኋላ፣ ይሄን ይዛችሁ ሂዱ።